ዜሮው ለምን አይቆምም? ፊልተሩስ ስንት ላይ ይሁን?

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር ሆኜ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። የሲሊከን ፎቶዳዮድ (ብርሃን ሲያርፍበት ከረንት የሚያመነጭ ዳዮድ) በጨለማ የሚያሳልፈውን ከረንት እለካለሁ። መሣሪያው ያገለገለ ኪትሌይ 6485 ፒኮአሜትር (እጅግ ጥቃቅን ከረንት መለኪያ) ሲሆን የመጣው ከአሜሪካ ነው። ዳዮዱን ካርቶን ውስጥ ከትቼ ስለካ ቁጥሩ ከ−3 እስከ +8 ፒኮአምፔር ይዘላል። ‹ሬል› የሚለውን ስጫን ዜሮ ይሆናል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን 2 ወይም 3 ላይ አገኘዋለሁ። እንደ መልቲሜትር ሁለቱን ክሊፕ አገናኝቼ ዜሮ ላደርገው ስሞክር ጭራሽ ያብዳል። ፊልተሩን 100 ላይ ሳደርገው ይረጋል፤ ነገር ግን አምፖል ሳበራ ቁጥሩ ቦታው እስኪደርስ በጣም ይቆያል። ቮልቴጁን ከፍ እያደረግኩ ወጥቼ ስመለስ ደግሞ የመሄጃውና የመመለሻው መስመር አይገጥሙም። መሣሪያው ተበላሽቷል? ቋሚ ዜሮ እንዴት አገኛለሁ? ፊልተሩስ ስንት ላይ ይሁን?»

መሣሪያህ የተበላሸ አይመስለኝም። የዘረዘርከው ሁሉ ጤነኛ ፒኮአሜትር ከካርቶን፣ ከክሊፕና ከተራ ኬብል ጋር ሲሠራ የሚያሳየው ጠባይ ነው። ችግሩ ያለው ከዜሮና ከፊልተር በምትጠብቀው ነገር ላይ ነው። ዜሮ ማድረግ ማለት አንድ ቁጥር መቀነስ ነው። ፊልተር ማድረግ ማለት ብዙ ቁጥሮችን ማማከል ነው። ሁለቱም ከረንቱ ከየት እንደመጣ አይጠይቁም።

መጀመሪያ መጠኑን እንመልከት። አንድ ፒኮአምፔር የአምፔር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። በሰከንድ 6.2 ሚሊዮን ያህል ኤሌክትሮን ማለት ነው፤ ብዙ ይመስላል እንጂ እጅግ ትንሽ ነው። የ6485 ትንሹ ሬንጅ (የመለኪያ ክልል) 2 ናኖአምፔር፣ ማለትም 2,000 ፒኮአምፔር ነው። እዚያ ላይ የመጨረሻው አሃዝ የሚያሳየው 0.01 ፒኮአምፔር ነው። አምራቹ ግን በዚያ ሬንጅ ላይ ለትክክለኛነት የሚሰጠው ዋስትና የንባቡ 0.4 በመቶ ሲደመር 0.4 ፒኮአምፔር ነው። ልብ በል፤ አሃዙ የሚያሳየውና መሣሪያው የሚምልበት 40 እጥፍ ይራራቃሉ። ስለዚህ ምንም ሳይገናኝበት 0.25 ቢያሳይህ ሥራውን በአግባቡ እየሠራ ነው። «0.00 ካልሆነ አልለካም» ካልክ ጥናትህ አያልቅም።

አሁን ወደ ክሊፑ። ቮልት ስንለካ ዜሮ የሚገኘው ሁለቱን ጫፍ በማገናኘት ነው። ከረንት ስንለካ ነገሩ ይገለበጣል። የከረንት ዜሮ ማለት ምንም የማያልፍበት ክፍት ጫፍ ነው። ፒኮአሜትር ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር የመግቢያውን ቮልቴጅ ወደ ዜሮ ለማስጠጋት ሁልጊዜ ይታገላል፤ ግን ፍጹም አይደለም፤ ጥቂት ማይክሮቮልት ይቀረዋል። መግቢያውን በሽቦ ስታገናኘው ያቺ ጥቂት ማይክሮቮልት ዜሮ ኦም በሚጠጋ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ከዚያ በኋላ የምታየው እብደት የማንም ጥፋት አይደለም። እና ደግመህ አታገናኘው። ዜሮ የሚደረገው መግቢያው በብረት ቆብ ተሸፍኖ ወይም ኬብሉ ጫፉ ክፍት ሆኖ ነው።

ይህቺው ቀሪ ቮልቴጅ የአንተን ዋና እንቆቅልሽም የምትፈታው ይመስለኛል። በትናንሾቹ ሬንጆች 6485 በመግቢያው ላይ የሚተወው ቮልቴጅ ከ200 ማይክሮቮልት በታች ነው። ለአብዛኛው ሥራ ምንም ማለት አይደለም። ፎቶዳዮድ ግን በዜሮ ቮልት አካባቢ ከጎኑ ሬዚስተር እንዳለው ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ይህን ሻንት ሬዚስታንስ እንለዋለን። 100 ሜጋኦም ነው ብንልና 200 ማይክሮቮልት ቢያርፍበት 2 ፒኮአምፔር ያልፋል። 10 ሜጋኦም ከሆነ 20 ይሆናል። ዳዮዱ ሲነቀል ይህ ከረንት ይጠፋል፤ ሲሰካ ይመለሳል። ሰው ይህን ሲያይ መሣሪያው ተበላሸ ይላል። በዚያ ላይ ሲሊከን ሙቀት ይሰማዋል። የጨለማ ከረንቱ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ሻንት ሬዚስታንሱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ጠዋት 20 ዲግሪ የነበረ ክፍል ከሰዓት 28 ሲደርስ ጠዋት ‹ሬል› ያደረግከው ቁጥር ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። ሩብ ሰዓት ውስጥ የሸሸብህ ዜሮ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ምክንያት መሣሪያውን እንደከፈትክ መለካት መጀመርህ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ አንድ ሰዓት አሙቀው። ሻይ ጠጥተህ ተመለስ።

በመሣሪያው ላይ ዜሮ የሚመስሉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ‹ዜሮ ቼክ› መግቢያውን ከመለኪያው ያገልላል፤ ኬብል ስትሰካና ስትነቅል፣ ዳዮድ ስትቀይር ሁልጊዜ የሚበራው እሱ ነው። ‹ዜሮ ኮሬክት› ዜሮ ቼክ እንደበራ የመሣሪያውን የራሱን የውስጥ ስህተት ይለካና ይቀንሳል። ይህን ለመለካት ባሰብከው ትንሹ ሬንጅ ላይ አድርገው። ወደ ላይኛው ሬንጅ ስትወጣ አብሮህ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደሚያንስ ሬንጅ ከወረድክ ግን እንደገና ማድረግ አለብህ። ‹ሬል› ደግሞ ፍጹም ሌላ ነው። በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የመሣሪያውን፣ የኬብሉን፣ የዳዮዱን፣ በካርቶኑ ቀዳዳ የገባውን ብርሃን ጭምር ሰብስቦ ይቀንሳል። ሥጋ ቤት ሳህኑን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ዜሮ እንደማድረግ ነው። ሳህኑ ካልተቀየረ ጥሩ ነው። ሳህኑ ውስጥ ውሃ እየተንጠባጠበ ከሆነ ግን ዜሮው የሚያገለግለው እስከሚቀጥለው ጠብታ ነው።

ለዚህ ነው ቶሎ ‹ሬል› መጫንን የማልወደው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ። 5 ፒኮአምፔር ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ከቀነስከው ነገ 9 ሲሆን የዳዮዱ ውጤት መስሎህ ትጽፈዋለህ። ጭራሽ ደግሞ አንተ የምትለካው ራሱ የጨለማ ከረንት ነው! ዳዮዱ ተሰክቶ፣ ቮልቴጁ ተሰጥቶት ጨለማ ውስጥ እያለ ‹ሬል› ከተጫንክ የጣልከው ኖይዝን (የማይፈለገውን መዋዠቅ) ሳይሆን መልስህን ነው።

ስለዚህ ምንጩን ከመሣሪያው ወደ ውጭ እየወጣህ ፈልገው። ሲሞቅ መግቢያውን በብረት ቆብ ሸፍነህ ዜሮ ኮሬክት አድርግ፤ ዜሮ ቼክን አጥፋና አሥር ደቂቃ ቁጥሩን መዝግብ። በ0.4 ፒኮአምፔር ውስጥ ከዋዠቀ መሣሪያው ነፃ ነው። ቀጥሎ ኬብሉን ብቻ ጫፉ ክፍት ሆኖ ጨምር። ቀጥሎ ዳዮዱ የሚቀመጥበትን ሶኬት ያለ ዳዮድ ጨምር፤ ቮልቴጁንም ስጥ። መጨረሻ ላይ ዳዮዱን። በየደረጃው የተጨመረው ፒኮአምፔር የማን እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይነግርሃል። ግማሽ ቀን ይወስዳል። ግን አንዴ ከሠራኸው ጥናትህ ላይ «የመለኪያው መነሻ ይህን ያህል ነው» ብለህ በድፍረት ትጽፋለህ፤ ፈታኙም ቢጠይቅህ መልስ አለህ።

ኬብሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተማሪዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ተራ ኮአክሲያል ኬብል ሲተጣጠፍ የውስጡ ፕላስቲክና የውጭው የሽቦ መረብ ይፋተጋሉ፤ ፍትጊያው ቻርጅ ይፈጥራል። ኬብሉን በእጅህ ብትነካካው ብዙ መቶ ፒኮአምፔር ሲዘል ልታይ ትችላለህ። በመካከሉ ግራፋይት የተቀባ ዝቅተኛ ኖይዝ ያለው ኬብል አለ፤ ካገኘህ እሱን ግዛ። ካላገኘህ ያለህን አሳጥረውና ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ለጥፈው። ከማቀዝቀዣ፣ ከቬንትሌተርና ሰው ከሚረግጠው ወለል አርቀው። ማሳጠሩ ሌላም ጥቅም አለው። ተራ ኮአክሲያል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ (ቻርጅ የማጠራቀም አቅም) ይዟል፤ ካፓሲታንስ ሲበዛ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ኖይዝ ይጨምራል።

ክሊፖቹን ጣላቸው። ያልተሸፈነ ክሊፕ አንቴና ነው። በአጠገቡ ስታልፍ ልብስህ ላይ ያለው ቻርጅ ይነካዋል፤ የግድግዳው ሽቦ 50 ኸርዙን ይጭንበታል። ካርቶኑም ብርሃንን እንጂ ኤሌክትሪክን አይከለክልም፤ ብርሃኑንም ቢሆን በደንብ አይደለም። የብስኩት ወይም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ፈልግ። ኬብሉ የሚገባበት ማገናኛ ቆርቆሮው ላይ ይታሰር፤ ቆርቆሮው ከፒኮአሜትሩ የዝቅታ (LO) ጫፍ ጋር በአንድ ቦታ ብቻ ይገናኝ። ክዳኑን ግጠመው፣ ላዩን ጥቁር ጨርቅ ጣል አድርግበት። ሞባይልህንም ወዲያ በል። ዳዮድ የሬዲዮ ሞገድን ቀጥተኛ ከረንት አድርጎ የመለወጥ ጠባይ አለው፤ ስልክ ሲጠራ ዜሮህ ከቦታው ቢሸሽ አይግረምህ።

ክረምት ከሆነ ደግሞ እርጥበት አለ። 9 ቮልት በ1 ትሪሊዮን ኦም ላይ ብታስቀምጥ 9 ፒኮአምፔር ያልፋል። 1 ትሪሊዮን ኦም ትልቅ ይመስላል፤ የጣት አሻራ ያለበት ርካሽ ቦርድ በእርጥብ አየር ከዚያ በታች መውረዱ ግን ቀላል ነው። ዳዮዱ የሚቀመጥበት ነገር ቴፍሎን ይሁን። በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረገው፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ከዚያ በባዶ እጅ አትንካው። የእጅ ሳኒታይዘር እንዳትጠቀም! ብዙዎቹ ግሊሰሪን ስላለባቸው ቀጭን ቅባት ትተው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለት ቀን ያለፋኝ ይኸው ነው፤ በጠረግነው ቁጥር ይብስበት ነበር።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ስለ ፊልተር የምናወራው። ፊልተር ያለው አቅም በዘፈቀደ ወዲያና ወዲህ በሚዘል ነገር ላይ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ እያለ የሚሄድን ነገር አያስቆምም፤ ቀስ ብሎ መሄዱን አሳምሮ ያሳይሃል እንጂ። ዋጋውንም አስላ። የ16 ንባብ አማካይ ኖይዙን 4 ጊዜ ይቀንሳል። የ100 ንባብ አማካይ 10 ጊዜ። ከ16 ወደ 100 ስትሄድ ስድስት እጥፍ ጊዜ ከፍለህ የምታገኘው የ2.5 እጥፍ መረጋጋት ነው። እያንዳንዱ ንባብ 100 ሚሊሰከንድ ቢወስድ የ100 ፊልተር በትንሹ 10 ሰከንድ ነው፤ መሣሪያው በየንባቡ የራሱን ዜሮ የሚለካበት ጊዜ ሲደመር ከዚያም ይረዝማል። አምፖሉን ስታበራ ቁጥሩ የሚጎተትብህ ለዚህ ነው። ዳዮዱ ዘግይቶ አይደለም።

ከፊልተር በፊት ግን የንባቡን ርዝመት አስተካክል። መሣሪያው አንዱን ንባብ የሚሰበስበው በመብራት ሳይክል ቁጥር ነው። እኛ ጋ መብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ አንድ ሳይክል 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፤ 16.7 ሚሊሰከንድ። በሙሉ ሳይክል ስትሰበስብ የመብራቱ ሽቅብና ቁልቁል እርስ በርሱ ይጣፋል። መሣሪያህ አሁንም 60 ላይ ከሆነና አንድ ሳይክል ብቻ የሚሰበስብ ከሆነ ከእኛ 50 ኸርዝ ውስጥ አንድ አምስተኛው ያህል ሳይጠፋ ይገባል። −3 እና +8 መካከል የሚዘለው ነገር ትልቁ ድርሻው ይህ ቢሆን አልገረምም። ስለዚህ ሴቲንጉ 50 መሆኑን አረጋግጥና 5 ሳይክል ስጠው፤ 100 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሴቲንጉን መቀየር ካስቸገረህ መላ አለ። በ60 ላይ እያለ 6 ሳይክል ስጠው፤ እሱም 100 ሚሊሰከንድ ነው። በ100 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከ50ው አምስት፣ ከ60ው ስድስት ሙሉ ሳይክል ስለሚገባ ለሁለቱም ይሠራል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ላይ ስትሆን ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ የጄኔሬተር ፍጥነት ስለሚዋዥቅ 50ው 50 አይሆንም። ያን ቀን ሌላ ሥራ ሥራ።

የፊልተሩ ዓይነትም አለ። አንዱ ሚዲያን ነው። ጥቂት ንባቦችን በቅደም ተከተል ደርድሮ መካከለኛውን ይወስዳል፤ በር ሲዘጋ ወይም ፍሪጅ ሲነሳ የሚመጣውን አንድ ብቸኛ ዝላይ አማካይ ውስጥ ሳያስገባ ይጥለዋል። ደረጃ 1 ላይ ማለትም በሦስት ንባብ ይበቃሃል። አማካይ የሚያወጣው ፊልተር ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ተንቀሳቃሹ አዲስ ንባብ ሲገባ አሮጌውን እያወጣ ይቀጥላል። ደጋጋሚው ቁጥሩ ሲሞላ አንድ መልስ ሰጥቶ ባዶውን እንደገና ይጀምራል። አንድ ቦታ ላይ ቆመህ ቁጥር የምታይ ከሆነ ተንቀሳቃሹ ይመቻል።

ቮልቴጅ እየቀየርክ ስትለካ ግን ተንቀሳቃሹን አጥፋው። የ0.5 ቮልት ንባብ ውስጥ የ0.4 እና የ0.3 ቅሪት ገብቶ ይማከላል። ስትሄድ ከኋላህ ያለው ይጎትትሃል፣ ስትመለስም እንዲሁ፤ መስመሮቹ የማይገጥሙት አንድም በዚህ ነው። አንድም በቻርጅ ነው። ኬብሉና ዳዮዱ ተደምረው 100 ፒኮፋራድ ካላቸውና ቮልቴጁን በሰከንድ 0.1 ቮልት ከቀየርከው 10 ፒኮአምፔር ለመሙላት ብቻ ያልፋል። ስትመለስ ምልክቱ ይገለበጣልና በሁለቱ መስመሮች መካከል 20 ፒኮአምፔር ክፍተት ይፈጠራል። ይህን ጥናት ላይ «ሂስተሪሲስ» ብለው፣ ማለትም የዳዮዱ የራሱ ጠባይ አድርገው የጻፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንተ እንዳትደግመው። በየእርምጃው ቆመህ ጠብቅ፣ ከዚያ ለካ። ምን ያህል እንደምትጠብቅ ለማወቅ አንድ ጊዜ ፊልተሩን አጥፍተህ ቮልቴጁን ቀይርና ከረንቱ እስኪረጋ ሰዓት ያዝ። የጠበቅከው ጊዜ በቂ መሆኑን የምታውቀው እጥፍ አድርገኸው መስመሩ ሳይቀየር ሲቀር ነው። ቮልቴጅ የምትሰጠውም በፓወር ሰፕላይ ከሆነ የሰፕላዩ ኖይዝ በዳዮዱ ካፓሲታንስ በኩል ይገባል። ለአንድ ቋሚ ቮልት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከብዙ ውድ ሰፕላይ ይሻላል።

እንግዲህ የምመክርህ ይህን ነው። ቆርቆሮ፣ አጭርና የታሰረ ኬብል፣ ንጹሕ ቴፍሎን። አንድ ሰዓት ማሞቅ። ዜሮ ኮሬክት በ2 ናኖአምፔር ሬንጅ፣ የክፍሉ ሙቀት በተቀየረ ቁጥር እንደገና። 5 ሳይክል በ50 ኸርዝ፣ ሚዲያን ደረጃ 1፣ ደጋጋሚ አማካይ 10። ሬንጁን ቆልፈው፤ ራሱ እንዲቀያይር አትፍቀድለት። ‹ሬል›ን ተወው። በምትኩ ባዶውን ሶኬት ያለ ዳዮድ በእያንዳንዱ ቮልቴጅ ለክተህ መዝግብ፤ ከሥራው በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሥራው በኋላ አንድ ጊዜ። ቅነሳውን ኮምፒውተርህ ላይ ሥራው። ጥሬው ቁጥር በእጅህ ይቆያል፤ የሁለቱ ባዶ ልኬቶች ልዩነት ደግሞ በዚያ ቀን ምን ያህል እንደተንሸራተትክ ይነግርሃል። አንድ የሙቀት መለኪያ ቆርቆሮው ውስጥ አድርግና ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ዲግሪውን ጻፍ። ያለ ሙቀት የተጻፈ የጨለማ ከረንት ዋጋ የለውም።

በዚህ አካሄድ 1 ፒኮአምፔርን በደህና ትለየዋለህ። ዳዮድህ 0.1 ላይ ከሆነ ግን ፊልተሩን 100 ብታደርገውም ይህ መሣሪያ አይምልልህም። ያኔ ወይ ቮልቴጁን ከፍ አድርገህ የሚበልጥ ከረንት መለካት፣ ወይ ሰፋ ያለ ዳዮድ መፈለግ፣ ወይ ኤሌክትሮሜትር (ከዚህም ያነሰ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ያለው ቤተ ሙከራ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ላይ፣ ማለትም በብረት ቆብ ብቻ ሆኖ፣ ከአንድ ሰዓት ማሞቅና ከዜሮ ኮሬክት በኋላ ከ1 ፒኮአምፔር በላይ ካሳየህ ግን የመግቢያውን ማገናኛ አንድ ጊዜ በአልኮል አጽዳና ደግመህ ሞክር። አሁንም ካልወረደ ለካሊብሬሽን ላከው፤ ክዳኑን ከፍተህ ውስጡን በጣትህ እንዳትነካ።